ፕሮክስሞክስን ከ8 ወደ 9 ማሳደግ፦ ሦስት ሰርቨርና አንድ ጄኔሬተር ላለው ቢሮ

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት። ፕሮክስሞክስ የሚባለውን የሰርቨር ሶፍትዌር የማሳደግ ሥራ ሁሌ የምጀምረው በዚህ ሰዓት ነው። ዓርብ በጁምዓ ምክንያት የምሳ ዕረፍቱ ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ የምትቀረው ጊዜ አጭር ስለሆነች ሁሉም ይቸኩላል፣ በዚያች ሰዓት ሲስተም ያቋረጠ ሰው ስሙ ለሳምንት ከአፍ አይወርድም። ሰኞማ አይታሰብም። ቅዳሜ ከሆነ ግን የተበላሸ ነገር ቢኖር እሑድ ሙሉ ቀን መጠገኛ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አይደለም። ቀን ቁረጡ፣ ሐሙስ ለየክፍሉ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የጄኔሬተሩን ናፍጣ አስሞሉ።

የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ከሚሴ ቁጭ ብሎ ፕሪንተሩም ኬብሉም ሰርቨሩም የእሱ ለሆነበት ሰው ነው። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፦ ደሴ ዋናው ቢሮ በአንድ ክላስተር የተሳሰሩ ሦስት ሰርቨሮች አሉኝ፤ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች አንዲት አሮጌ ሰርቨር አለች፤ የቅርንጫፉን ሥራ ታስኬዳለች፣ የደሴንም ባክአፕ ማታ ማታ ትቀበላለች። ኮምቦልቻን ከክላስተሩ ያላስገባኋት አውቄ ነው። ክላስተር እርስ በርሱ በሚሊ ሰከንድ ውስጥ መነጋገር ይፈልጋል፤ በእኛ መስመር ያንን ማሰብ ራስን መፈተን ነው።

ትእዛዞቹን የምጽፈው እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው፤ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ምን አዲስ ነገር አለ? የትኛውስ ለኛ ነው?

ፕሮክስሞክስ የቪየና ሰዎች ሥራ ነው። አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽን (ባጭሩ ቪኤም፣ በሰርቨሩ ውስጥ ራሱን ችሎ እንደ ኮምፒውተር ለሚሠራ) ያከፋፍላል፤ ብዙ ሰርቨሮችን ደግሞ አስተሳስሮ ከአንድ ገጽ ያስተዳድራል። ባጭሩ የራስን ክላውድ በራስ ክፍል ማቆም ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚከፈለው ለድጋፉ ነው። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ተመሳሳይ ሶፍትዌር የሚሠራውን ቪኤምዌርን ጠቅልሎ የአንዴ ግዢ ፈቃድ መሸጡን ካቆመ ወዲህ ወደዚህ የሚመጣው በዝቷል። እኛ ጋ ግን ምክንያቱ ከዚያም በፊት የነበረው የምንዛሪ ነገር ነው።

9.0 የወጣው ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከሥሩ ያለው የሊኑክስ ሲስተም ዴቢያን 13፣ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ደግሞ 6.14 ነው። ኅዳር 2018 ላይ 9.1 ተከተለ። የ8ኛው ድጋፍ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2026 ላይ ስለሆነ «ይቆይ፣ እየሠራ ነው» የሚለው ነገር ብዙ አያስኬድም።

ከአዲሶቹ ነገሮች ሁለቱ ለእኛ የተሠሩ ይመስላሉ።

አንደኛው የዲስክ ነገር ነው። ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የዲስክ አያያዝ በሬይድ-ዜድ፣ ማለትም አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስክ በሚያጣምረው መንገድ፣ የምትጠቀሙ ከሆነ እስከ ዛሬ ማከማቻው ሲሞላ አማራጩ ሁለት ነበር፤ ዲስኮቹን በሙሉ በትልልቅ መቀየር ወይም ሌላ ሙሉ ቡድን ዲስክ ገዝቶ መደርደር። የትኛውም ግዢ ክፍል ፊት በቀላሉ አያልፍም። አሁን በነባሩ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ መጨመር ይቻላል። በጀት በዓመት አንድ ዲስክ ለሚፈቅድበት ቢሮ ከዚህ የበለጠ ዜና የለም።

ሁለተኛው አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ሥራው በሌላው ላይ የሚነሳበት ክፍል፣ ኤችኤ የሚባለው፣ አዲስ ደንብ ማግኘቱ ነው። ሁለት ማሽኖች ምንጊዜም አብረው ይሁኑ ወይም ምንጊዜም ይለያዩ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። አንድ ቪኤም የትኞቹን ሰርቨሮች እንደሚመርጥ መወሰንም በዚሁ ደንብ ውስጥ ገብቷል፤ የድሮዎቹ «ግሩፕ» የሚባሉት ሁሉም ሰርቨሮች 9 ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ወደ አዲሱ ደንብ ይለወጣሉ።

የስልኩ ገጽ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የቆመ ቪኤም ማስነሳት ይቻላል፤ መልካም ነው። ግን እባካችሁ ገጹ የሚከፈትበትን ፖርት፣ 8006ን፣ ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት፤ ቪፒኤን አስገቡበት።

በጋራ ማከማቻ ላይ፣ ኤልቪኤም የሚባለውን የዲስክ አከፋፈል ለሚጠቀሙ፣ ስናፕሾት (የቪኤሙን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ መመለሻ አድርጎ ማስቀመጥ) መጥቷል። ትልቅ ሳን፣ ማለትም ሰርቨሮች የሚጋሩት የዲስክ ማከማቻ፣ ያላቸው ድርጅቶች ሲለምኑት የኖሩት ነገር ነው፤ ሆኖም 9.0 ላይ የወጣው ለሙከራ ተብሎ ነው፤ ኪውካው2 በሚባለው የፋይል ዓይነት የተሠራ የቪኤም ዲስክም ይፈልጋል። ደመወዝ የሚሠራበትን ሲስተም አላስይዘውም። የኔትወርክ ፋብሪክ የሚሉት ደግሞ በስዊች የተሞላ አዳራሽ ላለው ነው፤ እንለፈው።

ከዕለቱ በፊት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ማሻሻሉ ራሱ ለአንድ ሰርቨር ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ዝግጅቱ ግን ሳምንት ይፈልጋል።

ከባክአፕ እንጀምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ያኔ የምሠራበት ቢሮ ሰርቨሩም የባክአፑ ዲስክም በአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ስንመለስ ቁም ሳጥኑ ባዶውን ተከፍቶ ጠበቀን። ሒሳቡ እንደገና የገባው ከወረቀት ነው። ኮምቦልቻ ቅጂ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ነገር ግን ኮምቦልቻም የተያዘችው በዚያው ሰሞን ስለነበር 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው ብዬ አልጃጃልም። በወር አንዴ በፓስወርድ የተቆለፈ ሦስተኛ ዲስክ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ባክአፕ አለ ማለት ደግሞ ይነሳል ማለት አይደለም። ከማሻሻያው ሳምንት በፊት ዋናውን ቪኤም፣ እኛ ጋ የሒሳቡን፣ በሌላ ቁጥር መልሳችሁ አንሱት። ከማስነሳታችሁ በፊት የኔትወርክ ካርዱን ከገጹ ላይ አላቅቁት፤ አለበለዚያ ሁለት ማሽን በአንድ አድራሻ ይነሳና ሌላ ጣጣ ትገዛላችሁ። ከዚያ ውስጡ ገብታችሁ እውነተኛ ነገር ፈልጉ። እኔ የሒሳብ ክፍሏ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ የትናንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር ይንገሩኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ደግሞ ምን ልታጠፋብኝ ነው?»

«ኧረ አላጠፋም፤ ከባክአፑ ጋር ላመሳክረው ነው።»

ደብተራቸውን ገልጠው ነገሩኝ። ባክአፑ ላይ ያለው የመጨረሻ ደረሰኝ ከእሳቸው በአሥራ አንድ ያንሳል። ለካስ ባክአፑ የሚነሳው እኔ ባሰብኩት ሰዓት አልነበረም። ማታ 4 ሰዓት ብዬ 04:00 አስገብቼ ኖሯል፤ ይህ ደግሞ በእኛ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባክአፑ ሳይወሰድ ቀርቷል፤ ሳነሳ ያገኘሁት የዋዜማውን ነበር። ማታ 4 ሰዓት ማለት 22:00 ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ሲደክመን እጃችን በእኛ ሰዓት ይጽፋል። የባክአፕ መርሐ ግብራችሁን ዛሬውኑ ክፈቱና እዩት።

ቀጥሎ ሰርቨሮቹን በሙሉ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው 8.4 አድርሱ፤ ከ8.4.1 በታች ሆኖ ወደ 9 መዝለል የለም። ሴፍ የሚባለውን በሰርቨሮቹ ዲስኮች ላይ የሚዘረጋ የጋራ ማከማቻ የምትጠቀሙ ደግሞ ቀድማችሁ ስኩዊድ ወደሚባለው 19.2 መድረስ አለባችሁ። ግላስተር በሚባለው ሌላ የጋራ ማከማቻ ላይ ያላችሁ ዳታችሁን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩ፤ 9 አይደግፈውም።

ከዚያ «ፒቪኢ 8 ቱ 9» የሚባለውን መመርመሪያ «ፉል» ብላችሁ አስኪዱት። የሚመረምር እንጂ የሚያስተካክል ስላልሆነ ያለ ፍርሃት ደጋግማችሁ አስኪዱት። አረንጓዴው ያልፋል፣ ቢጫው ይነበባል፣ ቀዩ ሳይጠፋ ንክች አይደረግም። ብዙዎች ቢጫውን ይንቁታል። እኔ ጋ ከቢጫዎቹ አንዱ ሲስተምዲ-ቡት የሚባለው ጥቅል ይነሳ የሚል ነበር፤ ባላነሳው ኖሮ ማሻሻሉ መሐል ላይ ይጋጭብኝ ነበር። ሲስተሙ በተጫነበት የዲስክ ክፍል (ሩት) ላይ ቢያንስ 5 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ይኑር፤ 10 ቢሆን ይሻላል።

የኔትወርክ ካርዶቹን ስምና የማክ አድራሻ በወረቀት ጻፉ። በወረቀት። አዲስ ከርነል ሲመጣ የካርዱ ስም ሊለወጥ ይችላል፤ ስሙ ከተለወጠ ብሪጁ፣ ማለትም ቪኤሞቹንና ሰርቨሩን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ፣ የሚይዘው ካርድ ያጣና ሰርቨሩ በሕይወት እያለ ከኔትወርክ ይጠፋል። ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው። «አነስተኛ ናት፣ በእሷ ልለማመድ» ብዬ የጀመርኩት ከኮምቦልቻዋ ነበር፤ ያውም ደሴ ሆኜ በርቀት። ሪስታርት አደረግኩ፤ አልተመለሰችም። የቅርንጫፉን ጥበቃ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ሰርቨሯ ላይ አረንጓዴ መብራት ይታይዎታል?»

«ይታየኛል፣ ብልጭ ብልጭ ትላለች። አብሽር ልጄ፣ በሕይወት አለች!»

በሕይወትስ አለች። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ፤ ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክቼ አንዲት ስም ሳስተካክል አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ ትንሽ ናት ያልኳት ማሽን የባክአፕ መቀበያዬ ነበረች። በዚያች ሌሊት ደሴ አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ እጄን ወዴት እዘረጋ ነበር? ስለዚህ ባክአፕ የምትይዘዋን መጨረሻ አድርጓት፣ በአካልም ተገኙ። 9 ላይ የካርዱን ስም አስሮ የሚያስቀር መሣሪያ አብሮ መጥቷል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ተጠቀሙበት።

የመጨረሻው ዝግጅት ጥቅሎቹን ቀድሞ ማውረድ ነው። ጥቅሎቹ የሚወርዱበትን አድራሻ በያዙት የምንጭ ፋይሎች ውስጥ «ቡክወርም» (የዴቢያን 12 ስም) የሚለውን ሁሉ ወደ «ትሪክሲ» (የ13) ቀይሩ። የተከፈለ ድጋፍ ከሌላችሁ የኢንተርፕራይዙን ምንጭ ዝጉና ያለ ክፍያ የሚሠራውን አስገቡ፤ ካልዘጋችሁት 401 የሚል ስሕተት ይመልስላችኋል። ከዚያ «አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «አፕት ዲስት-አፕግሬድ» ከ«ዳውንሎድ ኦንሊ» ጋር። ይህን ዓርብ ሌሊት፣ መስመሩ ሲተኛ አድርጉት፤ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ጥቅሉ እጃችሁ ላይ ነው። በመሐል ግን በዚያ ሰርቨር ላይ አንዳች ነገር በአፕት እንዳትጭኑ፤ ምንጩ ተቀይሯልና ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ ይሆንባችኋል።

በዕለቱ

አንድ በአንድ። ሁለት ሰርቨር በአንዴ የነካ ክላስተሩን ድምፅ ያሳጣል፤ ከሦስት ሁለቱ ካልተገኙ ሦስተኛው ብቻውን አይወስንም።

በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ያሉትን ቪኤሞች ወደ ሌሎቹ አዛውሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከአሮጌው ስሪት ወደ አዲሱ ማዛወር ሁሌም ይሠራል፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰርቨር ካለፈ በኋላ መንገዱ ወደ ፊት ብቻ ነው፤ «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ወር» የሚለውን ተዉት።

በዌብ ገጹ ውስጥ ባለው ኮንሶል አትሥሩ፤ ማሻሻሉ ገጹን ራሱን እንደገና ስለሚያስነሳው መሐል ላይ ይቆረጣል። በኤስኤስኤች፣ ማለትም በርቀት የትእዛዝ መግቢያው፣ ግቡ፣ ውስጡም «ቲሙክስ» ክፈቱ፤ ላፕቶፓችሁ ቢጠፋ እንኳ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ጄኔሬተሩን ቀድማችሁ አስነሱ። ዩፒኤስ ለመብራት መቆራረጥ ነው፤ ለዚህ ሥራ አልታመንበትም።

«አፕት ዲስት-አፕግሬድ»። ዲስት የምትለዋን እንዳትረሱ፤ ባዶ «አፕግሬድ» አያደርሳችሁም። መጀመሪያ ረጅም የለውጥ ዝርዝር ገጹን ሊሞላው ይችላል፤ የተሰቀለ መስሎት የሚያጠፋ ሰው አይቻለሁ። ኪው የምትለዋን ፊደል ተጫኑ፣ ያልፋል። ከዚያ የቅንብር ፋይሎችን አዲሱን ልተካ ወይስ ያንተን ልተው እያለ ይጠይቃል። የመግቢያ ጽሑፏን፣ «ኢሹ» የምትባለዋን፣ የነበረችውን ተዉ። የኤልቪኤሙን ቅንብር ነክታችሁት ካልሆነ አዲሱን ተቀበሉ። የኤስኤስኤቹንም እንዲሁ፤ ነክታችሁት ከሆነ ግን ልዩነቱን አይታችሁ ወስኑ። ሲስተሙን የሚያስነሳው «ግሩብ» ላይ ሲደርስ የራሳችሁን ተዉ፤ ማስነሻ ላይ ቀልድ የለም።

መብራቱም ጄኔሬተሩም ከድተው መሐል ላይ ከጠፋ አትደንግጡ። ሲነሳ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር ኦል» የሚለውን፣ ቀጥሎ የአፕትን «ፊክስ ብሮክን» አስኪዱና ዲስት-አፕግሬዱን ድገሙት፤ ብዙውን ጊዜ ከቆመበት ይቀጥላል።

ሲጨርስ ገና ሪስታርት ሳታደርጉ መመርመሪያውን አንዴ ድገሙት። ንጹሕ ከሆነ ሪስታርት። ሲመለስ «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» ብላችሁ ሦስቱም ድምፅ መቆጠሩን እዩ፤ የብራውዘሩን ካሽ አጽዱ፣ አለዚያ የድሮው ገጽ ግማሹን እያሳየ ያደናግራችኋል። አንድ የማያስፈራ ቪኤም አዛውራችሁ አሥር ደቂቃ ተመልከቱት። እኔ በዚህ ጊዜ ቡና አስቀርባለሁ፤ አንድ ሰርቨር በአንድ ዙር ቡና ቢሄድ፣ በረካው ሲደርስ ሦስተኛው ላይ ነኝ።

አዲሶቹን ሥራ ላይ ማዋል

ሁሉም 9 ላይ ከደረሱ በኋላ፣ በሌላ ቀን።

ለደንቡ፦ ከዳታሴንተር ወደ ኤችኤ፣ ከዚያ ወደ አፊኒቲ ሩልስ ግቡና በሪሶርስ አፊኒቲ ሥር አዲስ ጨምሩ። ሁለቱን የዶሜይን ሰርቨሮች (የሠራተኛውን ስምና ፓስወርድ የሚያረጋግጡትን ቪኤሞች) ወይም ዋናውንና ተጠባባቂውን ዳታቤዝ ምረጡ፤ «ይለያዩ» የሚለውን አድርጉ። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ጊዜ ሁለቱም የዶሜይን ማሽኖች በአንድ ሰርቨር ላይ ተሰብስበው ነበር፤ ያቺ ሰርቨር ስትወድቅ ቢሮው በሙሉ ፓስወርድ አልቀበልም ተባለ። በአንድ የመለያየት ደንብ ውስጥ የምታስገቧቸው ቪኤሞች ከሰርቨሮቹ ቁጥር መብለጥ የለባቸውም። ሦስት ሰርቨር ይዞ አራት ማሽን ተለያዩ ማለት አይሆንም፤ እንዲያውም ሦስት ማሽን ካስገባችሁ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ላዩ የነበረው ማሽን መሄጃ ያጣል። ሁለት ሁለት አድርጓቸው።

የእኛ ዓይነት የጋራ ማከማቻ የሌለው፣ በየሰርቨሩ ዲስክ ላይ እየተባዛ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የማባዛቱን ልዩነት እዩ። ሳትነኩት 15 ደቂቃ ነው። ሰርቨር ቢወድቅ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃ ደረሰኞች ጠፉ ማለት ነው። ለሒሳቡ 5 አድርጌዋለሁ።

ለዲስኩ፦ ኮምቦልቻዋ ላይ ባለ 4 ቴራባይት አራት ዲስኮች በሬይድ-ዜድ 1 ነበሩ፤ የሚጠቅመው 12 ቴራባይት ነው። አምስተኛ ጨመርኩ። ከገጹ አይደለም፣ በትእዛዝ ነው፤ «ዚፑል አታች» ብላችሁ የማከማቻውን ስም፣ የቡድኑን ስም፣ ከዚያ የአዲሱን ዲስክ መለያ ትሰጣላችሁ። መለያውን ከዲስኩ መለያ ቁጥር ጋር ያለውን ረጅሙን ስም ተጠቀሙ፤ አጭሩ ስም ሪስታርት ላይ ቦታ ሊቀያየር ይችላል። አዲሱ ዲስክ ከነባሮቹ ትንሹ ማነስ የለበትም። ሥራው ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል፤ ማከማቻው በዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍት ነው፣ መብራት ጠፍቶ ቢመለስም ከቆመበት ይቀጥላል።

ሲያልቅ ጠቅላላው ቦታ ከጠበቃችሁት 16 ቴራባይት ያነሰ ያሳያል፤ አትደናገጡ። ዜድኤፍኤስ ቦታውን የሚቆጥረው አሁንም በድሮው ክፍፍል፣ ሦስት ለአንድ፣ ስለሆነ ነው፤ የድሮው ዳታም በዚያው ክፍፍል ይቆያል፣ እንደገና ሲጻፍ ግን በአዲሱ ይቀመጣል። ባክአፕ ላይ ከሆነ አሮጌው በጊዜው ስለሚሰረዝ ራሱ እየተለወጠ ይሄዳል። የጨመራችሁት ዲስክ ግን ተመልሶ አይወጣም። ለዳታቤዝ ደግሞ አሁንም ሚረር (ዲስኮችን እንደ መስታወት አንድ ዓይነት ቅጂ አድርጎ ማጣመር) ይሻላል፤ ሬይድ-ዜድን ለፋይልና ለባክአፕ ተዉት።

ዲስክ መጨመሩ እንዲሠራ መጀመሪያ «ዚፑል አፕግሬድ» ያስፈልጋል፤ እሱም መመለሻ የለውም። ከዚያ በኋላ የድሮው ማስነሻ ፍላሽ ማከማቻውን ለመክፈት እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የ9ን ማስነሻ ፍላሽ አዘጋጁ፣ እየተነሳ መሆኑን ሞክሩ፣ ስሙን በማርከር ጽፋችሁ ከሰርቨሩ ጎን ባለው መሳቢያ አስቀምጡት። የድሮውን አጥፉት።